የግመል ቆዳ ማንገቻ

ለባሌ የካሜራ ማንገቻ ያሰፋሁለት በንዴት ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ጸበል ትወስደው ነበር፣ ወይ አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ታለቅስ ነበር። እኔ እንኳን ማልቀስ አይሆንልኝም። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ራሷ «አንቺ ከያዝሽው ነገር ላይ የሚያላቅቅሽ ሞት ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ተነስቼ ጅጅጋ ገበያ ዳር ወደሚቀመጠው ቀበቶ ሰፊ ሄድኩና «የካሜራ ማንገቻ ስፋልኝ፣ ጥሩ ቆዳ ይሁን» አልኩት።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ አስር ክረምት፣ ከተማው በተረበሸ ጊዜ ነው። ስለዚያ ሰሞን ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ እኔ የማውቀው የእኛን ደጅ ብቻ ነው። ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። አባቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ እሱ ግን እዚሁ ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ፣ ሶማልኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው። የፎቶ ቤታችን በር ሲሰበር ካሜራውን አንገቱ ላይ አጥልቆ በጓሮ ሊያመልጥ ሲል ያዙት። እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ከኋላው መጥተው የያዙት በማንገቻው ነበርና ፊታቸውን አላየም። እንደ ከብት እየጎተቱ እስከ አስፋልቱ ወሰዱት። ያ አሮጌ ማንገቻ አብሮት ብዙ ዘመን የኖረ፣ ጥሩ ማንገቻ ነበር። ጥሩ ስለነበረም አልበጠስ አለ።

ያዳነችው ጎረቤታችን ናት። ሥጋ ሻጭ ናት፤ እኔ «ኤዶ» ነው የምላት፣ በሶማልኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ሥጋ የምትቆርጥበትን ቢላ እንደያዘች እየጮኸች ደረሰች። ሰዎቹ እሷን አፍረው ይሁን ቢላውን ፈርተው እንጃ፣ ፈቀቅ አሉ። ማንገቻውን ቆረጠችው። ባሌ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ አየር ሲስብ የወጣው ድምፅ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የሰው ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ሁለታችንንም ቤቷ አስገብታን ከተማው ጸጥ እስኪል ድረስ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ካሜራውንም በሻርፗ ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት።

እንግዲህ ሰውም ዳነ፣ ካሜራውም ዳነ። ፎቶ ቤቱ ግን አመድ ሆነ። ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እኛንም «ኑ» አሉን። ባሌ «ወዴት ነው የምመጣው? እኔ የማውቀው ሌላ አገር የለኝም» አለ። እውነቱን ነው፣ የለውም።

አንገቱ ላይ የነበረው ሰንበር ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። አንገቱ ግን አልዳነም፤ ከዚህ የተሻለ አነጋገር የለኝም። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ተወ። ጸጉሩን ሊስተካከል ሄዶ፣ ቆራጩ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሲያስርበት ዘሎ ተነስቶ ግማሹን ተቆርጦ ግማሹን ሳይቆረጥ ቤት መጣ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

የባሰው የማተቡ ነገር ነው። ክርስትና ሲነሳ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ክር ክርስቲያን እስኪሞት አይፈታውም። እኛ ዘንድ «ማተቡን የበጠሰ» ማለት ከሃዲ ማለት ነው። አንድ ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ የባሌን ማተብ በመቀስ ተቆርጦ ትራሱ ሥር አገኘሁት። ጉድ አልኩ! እየተርበተበትኩ ወደ ንስሐ አባታችን ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቤት ድረስ መጥተው አዩትና ለእኔ ለብቻዬ «እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ልጄ፤ አትፍረጅበት» አሉኝ። ከዚያም ክሩን ግራ እጁ አንጓ ላይ አሰሩለት፤ «እግዚአብሔር የሚያየው አንገት ብቻ ነው እንዴ?» እያሉ። እሳቸው እንዲህ አሉ። የሰንበቴ ሰዎች ግን ሌላ ሌላ አሉ፤ ያሉትን አልደግመውም፣ አፌን አላቆሽሽም።

ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቀረ። «በእጅህ ያዘው» ስለው ያዘና ከእጁ አመለጠው፤ ደግነቱ አልጋ ላይ ወደቀ። ሰርግ የሚያነሳ ሰው ደግሞ በአንድ እጁ ሰው ያስተካክላል፣ በሌላው መብራቱን ያዞራል፤ ካሜራው አንገት ላይ ካልዋለ ሥራ የለም። ሱቅ የለን፣ ባሌ ሌላ ሙያ የለው። ግን የእንጀራው ነገር ብቻ ቢሆን እኔም ጉልት ወጥቼ እነግድ ነበር። የጠፋብኝ ሰውየው ነው። ባሌ ካሜራ ሲያነግት ትከሻው ይነሳል፣ ምላሱ ይፈታል፣ ሙሽራውንም ሽማግሌውንም እየቀለደ ያስቃል። ያለ ካሜራው ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ «እሺ» እና «እንጃ» ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆነብኝ። ያንን ሰውዬ ካሜራ አንግቶ ከበሩ ሲወጣ ማየት፣ ሌላ የምመኘው አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደ ቀበቶ ሰፊው የሄድኩት ለዚህ ነው። ሰውየው አንድ ረጅም ቁራጭ አውጥቶ አሳየኝና «የግመል ነው እህቴ። መበጠስ የሚባል አያውቅም። ግን ልቡ ደረቅ ነው፤ ማለስለሱ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ። አምጥቼ ለባሌ ሰጠሁት። በአንድ ጫፉ ሲይዘው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄ ማንገቻ ነው በትር?» አለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ቀልድ እኮ ነው! ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ። «ካለሰለስኩት ታነግተዋለህ?» አልኩት። «ከለሰለሰ፣ አዎ» አለ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ይችን ቃሉን ይዤ ሥራ ጀመርኩ።

ቆዳ ስብ እንደሚወድ አውቃለሁ። ኤዶን ጠየቅኋት፣ ከበግ ላት ቁራጭ ሰጠችኝ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሻዩን እንጠጣጣለን፣ ልጁን እናጫውታለን፣ ሐዘኑን አብረን እንቀመጣለን፤ ሥጋው ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም የየራሳችን ነን። ደግሞ ጊዜው ሁዳዴ ነበር! በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ቤት ምድጃ ላይ የእስላም ላት ሲቀልጥ ሽታው አጥር ዘልሎ ቢሄድ፣ ባሌ ማተቡን ፈታ ተብሎ ሲወራበት በከረመበት ሰሞን፣ አስቡት። «ለመብል አይደለም፣ ለቆዳ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ሞኝሽን ፈልጊ ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ላቱን በፌስታል ጠቅልዬ በጓሮ አስገባሁና፣ ሳላቀልጠው፣ ጥሬውን ቆዳው ላይ አሸሁት።

እግዚኦ! በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣበት ቤቱ ቄራ ቄራ ሸተተ። ጉንዳን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከበር እስከ ቁም ሳጥን ተሰልፎ አገኘሁት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ድመት ማንገቻውን በጥርሱ ይዞ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። እኔ ከታች በመጥረጊያ እንጨት፣ እሱ ከላይ እያጉረመረመ፣ ስንጓተት ኤዶ ከአጥሯ ማዶ አየችኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ሆንሽ? ድመት ልትለጉሚ ነው?» አለችና በሳቅ ፈረሰች።

የሆነውን ስነግራት ሳቋ ቆመ። «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ወላሂ፣ የእኔ ምድጃ ጾም የለበትም» አለችኝ። ላቱን በእሷ ቤት አቀለጠችው፣ አጠለለችው፣ በቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችኝ። «በእጅሽ አሙቂው። ትንሽ ትንሽ ቀቢ፣ ከዚያ ሳቢው። ቅባቱ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ቆዳ የሚለሰልሰው ሲጎተት ነው» አለች። ሲጎተት ስትል ዓይኗ ወደ ቤታችን በር ሄዶ ተመለሰ። እኔም ያልገባኝ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ እራት በልተን ዕቃ ከታጠበ፣ ሥራዬ ያ ሆነ። ማንገቻውን አልጋው እግር ላይ አዞርና ሁለቱን ጫፍ ይዤ ወደዚህ እስባለሁ፣ ወደዚያ እስባለሁ። አልጋው ሲጢጥ ይላል። ባሌ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ኳስ ያያል። አንዳንዴ «አይደክምሽም?» ይለኛል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እለዋለሁ፣ እሱም ጭንቅላቱን ይነቀንቅና ወደ ኳሱ ይመለሳል። ክንዴ ሲዝል ጠቅልዬ እቀመጥበታለሁ። ቀን ቀን ደግሞ የቡና ዘነዘናውን በገመድ አስሬ፣ በካሜራው ፈንታ ማንገቻው ላይ አንጠልጥዬ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ። የካሜራውን ክብደት ይልመድ ብዬ ነው። ያየኝ ሁሉ አብዳለች ሳይል አልቀረም። ይበሉ!

ጠርዙ እንደ መጋዝ ነበር። አንገቴ ተልጦ ቆሰለ። አንድ ቀን ባሌ ቁስሉን አየና ቫዝሊን አምጥቶ ቀባኝ። «ተይው በቃ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «ለአንተ ስል አይደለም እንዴ?» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ቫዝሊኑን ከድኖ አስቀመጠ።

ቆዳው ገና ከፊሉ እንደደረቀ ነው ለሥራ የወጣው፤ ያውም በእኔ አንገት። የኤዶ የወንድሟ ልጅ ስታገባ፣ የሴቶቹን በኩል የሚያነሳ ጠፋ። እዚህ አገር በሴቶች ሰርግ ላይ ወንድ አይገባም፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ሻሹን አውልቀው፣ ጸጉራቸውን ለቀው፣ ተውበው ይጨፍራሉ። ስልክ እንኳን በር ላይ ተሰብስቦ ነው የሚገባው። እኔ ፎቶ ቤቱ ሳለ ከባሌ አጠገብ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ተምሬ ነበር። ኤዶ «አንቺ ታነሻለሽ» አለች። «ኧረ እኔ ሰርግ አላውቅም» ብላት፣ «እኔስ ሰው ከአስፋልት ማንሳት የት አውቅ ነበር?» አለችኝ። ምን ይባላል? ሄድኩ። ሽቶው አዳራሹን ሞልቶት ሳለ፣ ሙሽራዋን ላስተካክል ስጠጋ አንዷ የማንገቻው ላት ሸቷት አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ በግ አለ?» አለች። ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በዚያው ሳቅ መሀል ጥሩ ጥሩውን አነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መጣ። ሴት ፎቶ አንሺ ስትገኝ ወሬው ከጅጅጋ እስከ ደገሀቡር ይሮጣል። ቀደም ብሎ ባሌ ፎቶውን በኮምፒውተር ያስተካክል ነበር፤ የሴቶቹን ግን ወንድ እንዳያይ ምያለሁ፣ መሐላ መሐላ ነው። ተምሬ ራሴ ማስተካከል ጀመርኩ፤ የኮምፒውተሩን ጀርባ ወደ እሱ አዞርኩት። እዚያው ቤት ውስጥ፣ እኔ የሱን ሥራ እየሠራሁ፣ እሱ የኮምፒውተር ጀርባ ሲያይ ይውላል። ግን አንድም ቀን የራሴ ሥራ ነው አላልኩም፤ እሱ እስኪመለስ ነው እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። ማንገቻውንም መጎተቴን አልተውኩም። አሁን ግን እንዳይሸት በላት ሳይሆን በሰሊጥ ዘይት ነበር።

ዓመት ሞልቶ ሲያልፍ ቆዳው እጅ ሰጠ። ጣት ላይ ሲያደርጉት እንደ ጨርቅ ይወድቃል። ጠርዙ ተሟሽሾ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ አንገት ላይ መኖሩ እንኳን የማይታወቅ ሆነ። ልክ በዚያው ሰሞን ደገሀቡር ትልቅ ሰርግ ያዝን፤ የሴቶቹንም የወንዶቹንም። ለሴቶቹ እኔ የተዋስኩት ሁለተኛ ካሜራ ነበረኝ። ለወንዶቹ «ባልሽ ይምጣ፣ እሱን እናውቀዋለን» አሉ። ለባሌ ነገርኩት። ማንገቻውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ዳሰሰው።

«ለስልሷል» አለ።

«አዎ ለስልሷል።»

«እሺ» አለኝ። የዚያን ሳምንት ምግብ ሁሉ ጣፈጠኝ።

በጉዞው ቀን ጠዋት ሚኒባሱ ደጃችን ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። እኔ ጓሮ ሆኜ ባትሪና መብራት እቆጥራለሁ። ስመለስ ባሌ ክፍሉ መሀል ቆሟል፤ ጫማው ተወልውሏል፣ ካሜራው ደረቱ ላይ ነው። አንግቶታል! እሰይ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጆቹን አየሁ። ካሜራው ላይ አልነበሩም። የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች በማንገቻውና በአንገቱ መካከል አስገብቶ፣ ቆዳውን ከአንገቱ አርቆ ይዞታል። ላቡ ከጆሮው ሥር ወደ ሸሚዙ ይወርዳል። የሚተነፍስም አልመሰለኝም።

«ደህና ነኝ» አለ፣ ሳልጠይቀው።

«አውልቀው።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ። ከለሰለሰ ብያለሁ።»

«አውልቀው አልኩህ!» ጮህኩበት። እሱ አላወለቀውም፣ ወይም እጁን ከዚያ ማውጣት አልቻለም። ሄጄ እኔው በጭንቅላቱ በኩል አወጣሁለት። ሳወጣው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያን አየር ሳበ፤ አስፋልቱ ላይ የሰማሁትን ድምፅ ሰማሁት።

ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ወያላው «እናንተ ሰዎች፣ ረፈደ እኮ!» ይላል።

«ልንገርሽና አትቆጪ» አለኝ ባሌ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ማታ ማታ ስትጎትቺው ኳስ የማይ ይመስልሽ ነበር። እኔ እንዳይለሰልስ ነበር የምጸልየው።»

እኔም እኮ እጸልይ ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ መሬት ቁጭ ብዬ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳችን «አለስልስልኝ»፣ አንዳችን «አደራህን እንዳይለሰልስ» እያልን እግዜርን ስንለምን ከርመናል። የተሰማው የእኔ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልይዘው ፈለግሁና አንገቱን ሳልነካ እንዴት እንደማቅፈው ግራ ገባኝ፤ እጁን ያዝኩት። «የወንዶቹን ማን ያነሳል?» አልኩት። «አንቺ አንሺ» አለ። «ሽማግሌዎቹን ወንበር ላይ አስቀምጪ፣ ወጣቶቹን ከኋላ አቁሚ። መብራቱን ከግራ አድርጊው።» ተነስቶ ሻንጣዬን እስከ ሚኒባሱ ተሸከመልኝና በሩን ዘጋልኝ።

ካሜራውን አነገትኩት። ማንገቻው በላቡ ርሶ ነበር፤ ደገሀቡር እስክንገባ አልደረቀም።